ጄምስ ዋት፦ ስሙ በአምፕሊፋየር ሳጥን ላይ የቀረው የልኬት ሰው

በከተሞቻችን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ከተደረደሩት ዕቃዎች መካከል ለመኪና የሚገጠሙ አምፕሊፋየሮችና ሰብዉፈሮች ይገኙበታል። ሰብዉፈር የሙዚቃውን ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ሲሆን፣ አምፕሊፋየር ደግሞ ከመኪናው ባትሪ ኃይል እየወሰደ ያንን ስፒከር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። በአምፕሊፋየሩ ሳጥን ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚነበበው ቁጥሩ ነው፤ 1 ሺህ ዋት፣ 2 ሺህ ዋት፣ ከዚያም በላይ። ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ይህን ቁጥር አምኖ ነው።

ይኸው ቃል ከሱቁ ውጭም አለ። በአምፖል፣ በወፍጮ ቤት ሞተር፣ በመስኖ ፓምፕ፣ በጣሪያ ላይ በተዘረጋ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ላይ ይነበባል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት ነው ሲባልም የሚነሣው ያው ስም ነው። ዋት የመለኪያ ስም ከመሆኑ በፊት የሰው ስም ነበር። ሰውየው ኤሌክትሪክ ቤት ለቤት ሳይገባ፣ ሬዲዮም ስፒከርም ሳይታሰብ የሞተ የስኮትላንድ ተወላጅ ነው። በዘመኑ ሞተር ለሚሸጥና ሞተር ለሚገዛ ሰው ሁለቱም ሊስማሙበት የሚችሉትን መስፈሪያ በማውጣቱ ስሙ ቀረ።

ይህ ጽሑፍ የዚያን ሰው ሕይወት ይተርካል፤ በመጨረሻም ወደ አምፕሊፋየሩ ሳጥን ተመልሶ በላዩ የተጻፈው ቁጥር እንዴት እንደሚመረመር ያሳያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመርከብ ሠሪው ልጅ

ጄምስ ዋት በ1736 በጥር ወር ግሪኖክ በምትባል የስኮትላንድ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ መርከብ የሚሠራ፣ የመርከብ ዕቃ የሚያቀርብና ከባሕር ማዶ የሚነግድ ሰው ነበር። አያቱ ቶማስ ዋት ደግሞ የሒሳብና የባሕር ጉዞ ስሌት መምህር ነበር። በመሆኑም ልጁ ያደገው ቁጥርና የእጅ ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖሩበት ቤት ነው።

ጄምስ ከልጅነቱ ጤና የራቀው ነበር። ጽኑ የራስ ምታት እየተመላለሰ ይጥለው ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው ያስተማረችው እናቱ አግነስ ናት። በአባቱ የሥራ ቤት ለእርሱ የሚሆኑ ትንንሽ መሣሪያዎች ተሰጥተውት ነበርና እንጨትና ብረት እየቀረጸ፣ የመርከበኞችን የመለኪያ ዕቃዎች እየፈታና እየገጠመ እጁን አሠለጠነ። እናቱ በ1753 ስታርፍ፣ የአባቱም ንግድ ሲዳከም፣ ወጣቱ የራሱን እንጀራ የሚፈልግበት ጊዜ ደረሰ።

የመረጠው ሙያ የሳይንስ መለኪያ መሣሪያዎችን መሥራት ነበር። ይህን ሙያ በሚገባ የሚያስተምር በአካባቢው አልተገኘምና በ1755 በፈረስ ተጉዞ ለንደን ገባ። በዚያ ሙያ 7 ዓመት ተለማማጅ ሆኖ ማገልገል ደንብ ቢሆንም፣ እርሱ ግን ለአንድ ባለሙያ ገንዘብ ከፍሎ በ1 ዓመት ጨርሶ ለመመለስ ወሰነ። ከማለዳ እስከ ምሽት እየሠራ፣ ለምግቡም በጣም ጥቂት እያወጣ ዓመቱን ፈጸመ። ሙያውን ያዘ፤ ጤናው ግን ተጎድቶ በ1756 ወደ አገሩ ተመለሰ።

በግላስጎው ከተማ ሱቅ ለመክፈት ሲነሣ የእጅ ባለሙያዎች ማኅበር የተለማማጅነት ዘመኑን አልፈጸመም በማለት እንቅፋት እንደሆነበት ይነገራል። ያዳነው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከባሕር ማዶ የመጡለትን የሥነ ፈለክ መሣሪያዎች እንዲጠግን ሥራ ሰጠው፤ በ1757ም በግቢው ውስጥ የሥራ ክፍል ፈቀደለት። እዚያ ከታዋቂው የኬሚስትሪ መምህር ከጆሴፍ ብላክና ገና ተማሪ ከነበረው ከጆን ሮቢሰን ጋር ተወዳጀ። ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ወዳጆቹ ሆነው ኖሩ።

ኑሮውን ለመደጎም የሙዚቃ መሣሪያም ይሠራና ይጠግን ነበር። ኦርጋን እስከ መሥራት ደርሷል። የሚገርመው ለሙዚቃ የሚሆን ጆሮ ያልነበረው መሆኑ ነው፤ አንዱን ድምፅ ከሌላው በጆሮው ለመለየት ይቸገር ነበር። ስለዚህም ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚቃኝ በመጽሐፍ አጥንቶ፣ የቧንቧዎቹን ርዝመት በስሌት እየወሰነ ኦርጋኑን ሠራ። ጆሮው ያልሰጠውን ልኬት ሰጠው። ይህ የአሠራር ልማድ በኋላ በእንፋሎት ሞተርም አልተለየውም።

ከሰል የሚበላው ሞተር

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የማዕድን ጉድጓዶች የሚሞላውን ውኃ የሚያወጣ አንድ ዓይነት የእንፋሎት ሞተር ነበር። ቶማስ ኒውኮመን የተባለ ሰው በ1712 ያቆመው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ በትልቅ ሲሊንደር ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ ቀጥሎ በዚያው ሲሊንደር ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጫል፣ እንፋሎቱም ወደ ውኃነት ሲመለስ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የውጭው አየር ክብደት ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ሞተሩ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚበላው ከሰል እጅግ ብዙ ነበር።

በ1763 ማብቂያ ላይ ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት የሚጠቀምበትን የዚህን ሞተር ትንሽ ሞዴል እንዲጠግን ለጄምስ ዋት ሰጠው። ሞዴሉ ጥቂት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰ እንፋሎቱ ያልቅበትና ይቆም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ብልሽት ፈልጎ ባለፈ። እርሱ ግን በእያንዳንዱ ምት ስንት እንፋሎት እንደሚገባ፣ ስንት ውኃ እንደሚፈላ ለካ። ልኬቱም ችግሩ ከሞዴሉ ሳይሆን ከሐሳቡ መሆኑን ነገረው። ሲሊንደሩ በየምቱ በቀዝቃዛ ውኃ እየቀዘቀዘ በሚቀጥለው ምት እንደገና ይሞቃልና ከእንፋሎቱ አብዛኛው፣ ከ4 እጅ 3 እጅ ያህሉ፣ ብረቱን በማሞቅ ብቻ ይባክናል። ለእያንዳንዱ እንጀራ ምጣዱን በውኃ አቀዝቅዞ እንደገና ማጋል ምን ያህል እንጨት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሁሉ ነገሩን ይረዳዋል።

መፍትሔው የመጣለት በ1765 በግንቦት ወር፣ በአንድ እሑድ ቀን በግላስጎው መስክ ሲንሸራሸር ነው። እንፋሎቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ሳይሆን ከሲሊንደሩ ጋር በቧንቧ በተያያዘ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ሲሊንደሩ ዘወትር እንደጋለ፣ ማቀዝቀዣው ዘወትር እንደቀዘቀዘ ይቆይ። ሰንበት በመሆኑ ሥራ አልተፈቀደለትም። ሰኞ በማለዳ መሞከር ጀመረ፤ ሞዴሉም ሠራ።

የመከራ ዓመታት

ከሞዴል እስከ እውነተኛ ሞተር ያለው መንገድ ግን 11 ዓመት ፈጀ። ገንዘብ አልነበረውም። የብረት ሥራና የማዕድን ባለሀብት የነበረው ጆን ሮባክ ወጪውን ሊሸፍንለትና ከትርፉ ከ3 እጅ 2 እጁን ሊወስድ ተስማማ። በ1769 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ሆኖም በዘመኑ የነበሩ ብረት ሠራተኞች ክቡ የተስተካከለ ትልቅ ሲሊንደር መሥራት አልቻሉምና እንፋሎቱ በፒስተኑ ዙሪያ ያመልጥ ነበር።

ጄምስ ዋት በ1764 የአጎቱን ልጅ ማርጋሬት ሚለርን አግብቶ ልጆች ወልዶ ስለነበር ቤተሰቡን መመገብ ነበረበት። ስለዚህ ሞተሩን ወደ ጎን ትቶ ለቦይና ለመንገድ መሬት የሚቀይስ መሐንዲስ ሆነ። ብርድና ዝናብ በማይለየው የስኮትላንድ ደጋ እየዞረ ዓመታት አሳለፈ። በ1773 ለካሌዶኒያ ቦይ መስመር ሲቀይስ ሳለ ሚስቱ በወሊድ ምክንያት ማለፏን የሚያረዳ መልእክት ደረሰው። በዚያው ዓመት ሮባክ ከሠረ። ጄምስ ዋት በ37 ዓመቱ ባለቤቱን ያጣ፣ ሞተሩ ያልተጠናቀቀ፣ ደጋፊው የወደቀ ሰው ነበር።

ከዚህ ጉድጓድ ያወጣው ማቲው ቦልተን ነው። ቦልተን በእንግሊዝ በርሚንግሃም አጠገብ ሶሆ በሚባል ስፍራ ትልቅ ፋብሪካ ነበረው። ከሮባክ ላይ ድርሻውን ተረከበና ጄምስ ዋትን በ1774 ወደ በርሚንግሃም አመጣው። ሁለቱ ሰዎች በጠባይ የማይመሳሰሉ ነበሩ። ቦልተን ደፋርና ተስፈኛ ነጋዴ ሲሆን፣ ጄምስ ዋት ግን ሥጉ፣ ራሱን የሚጠራጠር፣ ከገዢ ጋር መከራከር የሚያስጨንቀው ሰው ነበር። ምናልባትም ሽርክናው ለ25 ዓመት የጸናው አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሞላ ይሆናል። በ1775 የእንግሊዝ ፓርላማ የፈጠራ መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት። ጆን ዊልኪንሰን የተባለ የብረት ባለሙያም ለመድፍ ባወጣው የመብሻ ዘዴ ሲሊንደሩን አስተካክሎ ቆረጠ። በ1776 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትላልቅ ሞተሮች ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ጄምስ ዋት አን ማክግሬጎርን አገባ።

ክፍያው በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ

የአዲሱ ሞተር ዋና ገዢዎች በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በኮርንዎል የሚገኙ የቆርቆሮና የመዳብ ማዕድን ባለቤቶች ነበሩ። በኮርንዎል ከሰል አይገኝም፤ በመርከብ ከዌልስ ይመጣል። ስለዚህ በዚያ ለሚኖር ሰው የከሰል ቁጠባ የሞትና የሽረት ጉዳይ ነበር።

ቦልተንና ዋት ሞተሩን የሸጡበት መንገድ እስከ ዛሬ ሊጠና የሚገባው ነው። ገዢው ለዕቃውና ለግንባታው ራሱ ይከፍላል። ለፈጠራው ደግሞ የሚከፍለው አሮጌው ሞተር ለዚያው ሥራ ይፈጀው ከነበረው ከሰል አዲሱ ካተረፈለት ዋጋ ከ3 እጅ 1 እጁን በየዓመቱ ነው። ሞተሩ ምንም ካላተረፈ ሻጩ ምንም አያገኝም ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ውል ያለ ልኬት አይጸናም። የአሮጌው ሞተር ፍጆታ አስቀድሞ በሙከራ መለካት ነበረበት። የአዲሱ ሞተር እያንዳንዱ ምትም መቆጠር ነበረበት። ስለዚህ ጄምስ ዋት ከሞተሩ የሚወዛወዝ ምሰሶ ጋር የሚያያዝ መቁጠሪያ አዘጋጀ፤ መቁጠሪያውም ማንም እንዳይነካካው በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ሻጭም ገዢም የሚያምኑት አንዱ የሌላውን ቃል ሳይሆን ያንን መቁጠሪያ ነበር። ክርክር ግን አልቀረም። ማዕድኑ ዋጋ ሲወርድበት ባለቤቶቹ ክፍያው ከበዳቸው፤ በኋለኞቹ ዓመታትም በርካቶቹ መክፈል አቁመው ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ፈረሱ ምን ያህል ይጎትታል?

በ1780ዎቹ ነገሩ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ሞተሩ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይሄድ ስለነበር የሚያገለግለው ለውኃ መቅጃ ነበር። ቦልተን ገበያው በወፍጮዎችና በፋብሪካዎች መሆኑን አይቶ ሞተሩ ጎማ እንዲያዞር ጓደኛውን ወተወተው። ጄምስ ዋትም በ1781 ውዝዋዜውን ወደ ዙሪት የሚለውጥ የጥርስ አያያዝ አስመዘገበ፤ በ1782 በፒስተኑ በሁለቱም ወገን የሚገፋ ሞተር፣ በ1784 ደግሞ እርሱ ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚኮራበትን የዘንጎች ማያያዣ አወጣ። በ1788 ሞተሩ ሲፈጥን እንፋሎቱን የሚቀንስ፣ ሲዘገይ የሚጨምር ባለ ኳስ መቆጣጠሪያ ገጠመለት።

ይሁን እንጂ አዲስ ችግር መጣ። ወፍጮ ባለቤቱም ሆነ ቢራ ጠማቂው አሮጌ የእንፋሎት ሞተር የላቸውም፤ ያላቸው ፈረስ ነው። ከምን ከሰል ጋር ተነጻጽሮ ነው ክፍያው የሚወሰነው? እነዚህ ገዢዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሞተር የስንት ፈረስ ሥራ ይሠራል?

ጄምስ ዋት ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መልስ ሰጠ። በዙሪት የሚሠራ የወፍጮ ፈረስን ሥራ መሠረት አደረገ። ፈረሱ ከመሐል እስከ ዳር 12 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ርቀት ባለው ክብ ላይ በሰዓት 144 ጊዜ ይዞራል፤ የሚጎትትበት ጉልበትም 180 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 82 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ይህ ሲባዛ በደቂቃ ከ32 ሺህ 500 በላይ ፓውንድ አንድ ጫማ ከፍ የማድረግ ሥራ ይሆናል። ቁጥሩን ወደ 33 ሺህ አጠጋጋውና የአንድ ፈረስ ጉልበት ብሎ ሰየመው። በእኛ ልክ ሲነገር አንድ ኩንታል እህል በአንድ ደቂቃ ውስጥ 45 ሜትር ያህል ወደ ላይ ማውጣት ነው።

ተራ ፈረስ ይህን ያህል ቀኑን ሙሉ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ የጄምስ ዋት መስፈሪያ ገዢውን የሚጠቅም ነበር፤ የ10 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የገዛ ሰው በረቱ ካሉት 10 ፈረሶች ያነሰ ሥራ አያገኝም። ክፍያውም በዚሁ ተተመነ፤ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በዓመት 5 ፓውንድ፣ በለንደን ደግሞ 6 ፓውንድ። በ1785 በለንደን ዊትብሬድ በተባለ የቢራ ፋብሪካ የተተከለ አንድ ሞተር ፈረሶችን ተክቶ እስከ 1887 ድረስ ለ102 ዓመት ሠርቷል። ዛሬም በአውስትራሊያ በሲድኒ ሙዚየም ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሐሳቡ ነው። ኃይል ማለት ዕቃው ግዙፍ መሆኑ ወይም ብዙ መጮኹ አይደለም፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ሸክሙን፣ ርቀቱንና ጊዜውን የለካ ማንኛውም ሰው የሻጩን ቁጥር ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ጥላው

የዚህ ሰው ሕይወት ነቀፋ የሌለበት አልነበረም። የፈጠራ መብቱን አጥብቆ በመያዙ ሌሎች ባለሙያዎች የተሻሻለ ሞተር እንዳያወጡ ለዓመታት ከልክሏል፤ ጆናታን ሆርንብሎወር የተባለው መሐንዲስ በዚህ ከተጎዱት አንዱ ነው። ከፍ ባለ ግፊት የሚሠራ የእንፋሎት ሞተር አደገኛ ነው ብሎ ይቃወም ስለነበር ያ ሞተር የተስፋፋው የመብቱ ዘመን በ1800 ካበቃ በኋላ ነው። የአባቱ ንግድ በባርነት ጉልበት ይለሙ ከነበሩት የአትላንቲክ ማዶ ግዛቶች ምርት ጋር የተሳሰረ ነበር፤ የድርጅቱ ሞተሮችም በኋላ በካሪቢያን ባሪያዎች ለሚሠሩባቸው የስኳር እርሻዎች ተሸጠዋል። ሌላውን በልኬት የሚሞግት ሰው በዘመኑ ከነበረው ከዚህ ግፍ ራሱን አላራቀም።

የሰገነቱ ሥራ ቤት

በ1800 ጄምስ ዋት ከድርጅቱ ሥራ ተገልሎ ድርሻውን ለልጁ ተወ። የቦልተንም ልጅ አብሮት ተተካ። ሀብት አግኝቶ ነበር፤ ኀዘን ግን አልተለየውም። ከሁለተኛ ሚስቱ የወለዳት ልጁ ጃኔት በ1794፣ ብዙ ተስፋ የጣለበት ልጁ ግሪጎሪም በ1804 በወጣትነታቸው ዐረፉ። ቦልተን በ1809 ሞተ።

እርሱ በበርሚንግሃም አጠገብ በነበረው ቤቱ ሰገነት ላይ የሥራ ክፍል አበጅቶ፣ ቅርጻ ቅርጾችን እየለካ የሚገለብጥ መሣሪያ ሲሠራና ሲያሻሽል ኖረ። የመንግሥት የማዕርግ ስጦታ ቀርቦለት አልተቀበለም። ነሐሴ 25 ቀን 1819 በ83 ዓመቱ ዐረፈ፤ በሃንድስወርዝ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከቦልተን አጠገብ ተቀበረ። የሰገነቱ ሥራ ቤት ከነዕቃው ተጠብቆ ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ይታያል።

ከፈረስ ወደ ዋት

ጄምስ ዋት ራሱ በስሙ የሚጠራውን መለኪያ አላወቀውም። ከሞተ ከ63 ዓመት በኋላ፣ በ1882 ዊልያም ሲመንስ የተባለ በጀርመን ተወልዶ በእንግሊዝ የኖረ መሐንዲስ ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ሐሳብ አቀረበ። የኤሌክትሪክ ዘመን ገብቶ ነበርና የኤሌክትሪክ ኃይል የሚለካበት መስፈሪያ በጄምስ ዋት ስም እንዲጠራ ጠየቀ። በ1960 ዋት የዓለም አቀፍ የመለኪያ ሥርዓት አካል ሆነ።

አንድ ዋት ትንሽ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ሰኮንድ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ነው። አንድ የፈረስ ጉልበት ደግሞ 746 ዋት ይሆናል። ስለዚህ አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ከ10 ሜትር ጥልቀት በሰኮንድ ሊያወጣ የሚችለው ውኃ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ ከ7 ሊትር ተኩል ብዙ አያልፍም። በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ስሌቱ ከዚህም ይቀላል፤ በባትሪ ለሚሠራ ዕቃ ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው።

የሳጥኑን ቁጥር መመርመር

አሁን ወደ አምፕሊፋየሩ እንመለስ። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ሲነሣ ወደ 14 ቮልት ከፍ ይላል። በአምፕሊፋየሩ ጎን ላይ የሚሰካው ፊውዝ ደግሞ ስንት አምፔር እንደሚያሳልፍ በላዩ ተጽፎበታል። ፊውዙ 30 አምፔር ከሆነ፣ 14 በ30 ሲባዛ 420 ዋት ይመጣል። መሣሪያው ያለማቋረጥ ከባትሪው ሊወስድ የሚችለው ከሞላ ጎደል ይህን ያህል ነው። ከዚህም የተወሰነው ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ወደ ስፒከሩ የሚደርሰው ያነሰ ነው፤ ክላስ ዲ በሚባለው ዓይነት ከ100 እጅ 80 ያህሉ፣ ክላስ ኤቢ በሚባለው ደግሞ ከግማሽ ብዙ ያልበለጠው ይደርሳል። ታዲያ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ሆኖ ሳጥኑ 2 ሺህ ዋት ቢል፣ ያ ቁጥር ጄምስ ዋት የሚያውቀው ኃይል አይደለም።

ቁጥሩ የሚያብጥበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱ ለቅጽበት ብቻ የሚደረስበትን ጣሪያ ይጽፋል፤ ይህ ፒክ ወይም ማክስ ተብሎ ይመለከታል። ገዢው መፈለግ ያለበት አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው። ሌላው የሚጽፈው የስፒከሩ ኦም ዝቅ ሲል የሚገኘውን ነው፤ በ4 ኦም የሚሰጠውና በ2 ኦም የሚሰጠው አይመሳሰልም። ሌላው ደግሞ ድምፁ እስኪበላሽ ተገፍቶ የተገኘውን ቁጥር ያትማል። በአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በቤት አምፕሊፋየሮች ላይ የሚጻፈውን ቁጥር የሚገዛ ደንብ ያወጣው በ1974 ነው። ለመኪና አምፕሊፋየሮችም የአምራቾች ማኅበር በፈቃደኝነት የሚከተሉት መስፈርት አዘጋጅቷል፤ ልኬቱ በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦም፣ የድምፅ መዛባቱም ከ100 እጅ 1 ሳይበልጥ እንዲሆን ይጠይቃል።

ትልቅ ቁጥር የሚሹም ሁለት ነገር ማወቅ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ዋቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ድምፁ ሁለት እጥፍ የማይጨምር መሆኑ ነው። ጆሮ ሁለት እጥፍ ጨመረ ብሎ እንዲሰማው ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ ይኖርበታል። ሁለተኛው ኃይሉ ከየትም እንደማይመጣ ነው። 1 ሺህ እውነተኛ ዋት ሳያቋርጥ የሚሰጥ ክላስ ዲ አምፕሊፋየር ከመኪናው ወደ 90 አምፔር ይጠይቃል፤ ይህ ብዙ ትንንሽ መኪኖች የሚያመነጩትን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሙዚቃ ከፍ ዝቅ ስለሚል ዘወትር ይህን ያህል አይወስድም፤ ነገር ግን ሞተሩ ጠፍቶ በከፍተኛ ድምፅ ሲከፈት ባትሪው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ሽቦው ቀጭን ከሆነም ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

በመሆኑም ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ፊውዙ ስንት አምፔር ነው፣ አርኤምኤሱ ስንት ነው፣ የተለካው በስንት ኦም ነው። ይኸው ሥርዓት ለመስኖ ፓምፕና ለፀሐይ ሰሌዳም ይሠራል። ሻጩ ሦስቱን መመለስ ካልቻለ በሳጥኑ ላይ የቀረው ስም ብቻ ነው። የስሙ ባለቤት ግን በኮርንዎል ማዕድን መቁጠሪያውን በሳጥን ቆልፎ፣ ሞተሩ ካላተረፈ ክፍያ እንደማያገኝ የተዋዋለ ሰው ነበር።